ልዩ ልዩ ተቀናሽ

ፔሮል ላይ አንዲት ኮለም አለች። ከሥራ ግብርና ከጡረታ ቀጥላ፣ «የተጣራ ተከፋይ» ከሚለው በፊት የተሸጎጠች። «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» ይላታል። እድር እዚያ ይገባል። የቁጠባ ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ የጠፋ ቱታ ዋጋ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አገር ስትቸገርም ደመወዛችን ውስጥ የምትገባው በዚያችው ኮለም ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ እሠራለሁ። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ እወጣለሁ። ሐረጎን ስንወርድ ዚፑን እከፍታለሁ። ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ የሚወራው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ኑሮ፣ ወይ ኳስ። አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ይኼ ጽሑፍ አንድ ላይ ስለመጡበት ጊዜ ነው።

2012 ነበር። መጋቢት 4፣ አርብ ቀን። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ የተባለው ያን ቀን ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተቋረጠውም ያኑ ቀን ነው። ከአንድ ቀን በፊት የአርሰናሉ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ በቫይረሱ መያዙ ተነግሮ ነበር። እኔ የአርሴ ደጋፊ ነኝ። በብዙ ነገር ተሰድበን እናውቃለን፤ «በሽታ ይዛችሁ መጣችሁ» ተብለን የተሰደብነው ግን ያኔ ብቻ ነው።

ዲኤስቲቪ ቤቱ ተዘጋ። ቅዳሜና እሑድ ምን እንደሚሠራባቸው የሚያውቅ ወንድ ከሰፈራችን ጠፋ። ኳሱ ሲቆም የኳስ ወሬው አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ስለ ጎል ማውራት ሲያቅተን ስለ ደመወዝ ማውራት ጀመርን። እሱ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

መጋቢት 24 የእንግሊዙ የጤና ሚኒስትር ማት ሃንኮክ መግለጫ ላይ ቆመው የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ደመወዛቸውን ይቀነሱ፣ የድርሻቸውንም ይወጡ አሉ። ቀኗን የማልረሳት በሌላ ምክንያት ነው። መጋቢት 24 የሕዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ የተጣለበት ዕለት ነው፤ በ2003። ያኔ እኔ ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የወር ደመወዛችን በ12 ወር ተከፋፍሎ ለቦንድ ይቆረጥ ተባለ። የመጀመሪያዋን «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» በእጄ የሞላሁት ለእሱ ነው። የራሴንም ጭምር።

አልከፋኝም፤ እውነቴን ነው። እርግጥ «አይ፣ እኔ ይቅርብኝ» ማለት የሚያምር ጊዜ አልነበረም፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን ገንዘቤ የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ወንዙን አውቀዋለሁ። ወረቀትም ተሰጠኝ። የቦንድ ሰርተፊኬቴ እስካሁን ከልጆቼ የልደት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ አውጥቼ አየሁት። ምንም አላደረግኩትም፤ አይቼ መለስኩት።

ወደ እንግሊዞቹ ልመለስ። ሃንኮክ የተናገሩት እዚህ ሲደርስ የተቃወመ ሰው አላየሁም። ሰርቪሱ ውስጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ልክ ናቸው!» አለ። ሹፌራችን የማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። በመስታወት እያየኝ «ያንተ ኦዚል ስንት ነው የሚበላው?» አለኝ። ሜሱት ኦዚል ያኔ የአርሰናል ተጫዋች ነው። በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ ነው የሚባለው አልኩት። በዚያን ጊዜ ምንዛሬ ከ13 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የፋብሪካችን የሁሉም ሠራተኛ የወር ፔሮል ቢደመር እዚያ አይደርስም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአገራችን እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ብለው ነበር። ኦዚል ያንን ተኝቶ እንኳ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያገኘዋል።

እንዲህ ሲሰላ ማን ያዝንለታል? እኔም አላዘንኩለትም። «ይቆረጥ!» አልኩ።

ነገሩ መሽተት የጀመረኝ ክለቦቹን ሳይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት ሥራ ላቆሙ ሠራተኞች ከደመወዛቸው 80 ከመቶውን፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ እከፍላለሁ ብሎ ነበር። ዓላማው የሚዘጉ ካፌዎችን፣ ትናንሽ ሱቆችን ለማዳን ነው። ቶተንሃም ሄዶ ተሰለፈ። ለ550 ሠራተኞቹ ደመወዝ 20 ከመቶ ቆረጠና መንግሥት ይርዳኝ አለ። በዚያው ሰሞን የክለቡ ሊቀመንበር በቀደመው የሂሳብ ዓመት 7 ሚሊዮን ፓውንድ እንደተከፈላቸው ወጣ። ከዚያ ሊቨርፑል ተከተለ፤ ያውም ባለፈው ዓመት 42 ሚሊዮን ፓውንድ ያተረፈ ክለብ። ደጋፊው ሲጮህበት በሁለት ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ተወው። ቶተንሃምም ትንሽ ቆይቶ ተወው።

እንግዲህ ይታያችሁ። ሚኒስትሩ ጣታቸውን የቀሰሩት ሜዳ ላይ ወደሚሮጠው ልጅ ነው። መንግሥት ካዝና ውስጥ እጁን የከተተው ግን ባለቤቱ ነው። ዌይን ሩኒ ያኔ ከሞላ ጎደል ይህንኑ ብሏል፤ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፣ ግን በድንገት ተወቃሾቹ እኛ ብቻ የሆንነው ለምንድን ነው የሚል ነገር። ሩኒን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመንኩት ያን ቀን ነው። (አርሴ ሆናችሁ 49 ጨዋታ ያልተሸነፋችሁበትን ጉዞ ያቆመው የሩኒ ማንቼ መሆኑን ካስታወሳችሁ ይገባችኋል።)

ክለቦቹ 30 ከመቶ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። የተጫዋቾቹ ማኅበር ደግሞ መግለጫ አወጣ፦ ይህ በ12 ወር ውስጥ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የደመወዝ ቅናሽ ነው፤ መንግሥትም ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ግብር ያጣል። ብዙ ሰው ሳቀበት። «ሀብታም ሰበብ አያጣም» ተባለ። እኔ ግን ስስቅ ቆይቼ መሐል ላይ አቆምኩ። ፔሮል ለሚሠራ ሰው ይኼ ሰበብ አይደለም። መደመርና መቀነስ ነው።

እስቲ በእኛ ብር እናስላው። ያኔ በነበረው የግብር ሠንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 ከመቶ ይገበርበታል። 20,000 ብር የሚያገኝ አንድ ኃላፊ እንውሰድ። 30 ከመቶ ተቀነሰበት፤ 6,000 ብር መሆኑ ነው። ከኪሱ የሚጎድለው ስንት ነው? 6,000 አይደለም፤ 3,480 ነው። ከ6,000ው ውስጥ 2,100 ብሩ ድሮም የመንግሥት ግብር ነበር፤ 420ው ደግሞ ጡረታ ነበር። ድርጅቱስ? 6,000ው ይቀርለታል። አሠሪ የሚከፍለው 11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ ስላለም 660 ብር ተጨማሪ ይተርፈዋል። በድምሩ 6,660።

አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት። ኃላፊው 3,480 አጣ። መንግሥት ግብሩን አጣ። ድርጅቱ 6,660 አተረፈ። ሆስፒታሉ ምን አገኘ? ባዶ! ያው ሰውዬ ደመወዙን ሙሉ ተቀብሎ፣ ግብሩን ከፍሎ፣ ከተጣራው ላይ ያችኑ 3,480 አውጥቶ ለሆስፒታል ቢሰጥ፣ ከኪሱ የወጣው እኩል ነው። መንግሥትም ግብሩን አገኘ፤ በሽተኛውም የሆነ ነገር አገኘ።

ይህንን ሰርቪስ ውስጥ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ሐረጎ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ «አንተ ደሞ ሁሉ ነገር ኤክሴል ነው» አለኝ። ተውኩት።

ተጫዋቾቹ በመጨረሻ ያደረጉት ግን ያንን ነው። የሊቨርፑሉ አምበል ጆርዳን ሄንደርሰን ከሌሎች አምበሎች ጋር እየተደዋወለ መጋቢት 30 የራሳቸውን መዋጮ ይፋ አደረጉ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለብሪታንያ የጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት የሚሄድ። በዚያው ቀን እኛ አገር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሌላ አገር ሌላ መንገድ ነበር። የባርሴሎና ተጫዋቾች 70 ከመቶ ሲቀነሱ የክለቡ ሌሎች ሠራተኞች ሙሉ ደመወዛቸውን እንዲያገኙ እናሟላለን ብለው ነው። ሜሲ ያንን ሲያሳውቅ ከክለቡ ውስጥ ሆነው ጫና ሊፈጥሩባቸው የሞከሩትን ሳይነካ አላለፈም። የጁቬንቱስ ተጫዋቾች የአራት ወር ደመወዝ ተዉ፤ ክለቡ 90 ሚሊዮን ዩሮ ቀለለለት። የባርሴሎናውን እወደዋለሁ፤ ሳር አጫጁና ዘበኛው እንዳይጎዱ ነው። የጁቬንቱሱን እንጃ። ለክለብ የሚሰጥ ስጦታ መቼ ነው ስጦታ የሆነው?

አሁን የእኔው ጉድ። ሚያዝያ 12 የአርሰናል ተጫዋቾችና አርቴታ 12.5 ከመቶ ለመቀነስ ተስማሙ ተባለ። ከፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች እንዲህ ዓይነት ስምምነት በመፈራረም አርሰናል የመጀመሪያው ነበር። ኮራሁ። ቀጥሎ ያልተስማሙ አሉ ተባለ። ማን? ኦዚል።

ወይ ጉድ! የተሰደበውን ስድብ ልጽፈው አልችልም። እኔም ሰድቤዋለሁ። ቴሌግራም ላይ የደሴ አርሴዎች ግሩፕ አለን፤ ያን ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት ስንሰድበው አመሸን። «ስስታም» ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ሰውዬው ሠርጉን ምክንያት አድርጎ ለአንድ ሺህ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና እከፍላለሁ ያለ ሰው መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር። ሲሰደቡ የሚታወስ ነገር አይደለም እንጂ።

ከዚያ የእኛ ወር ደረሰ።

ፋብሪካችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ለኮሮና መከላከል ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ይቆረጣል ይላል። ከታች ደግሞ «ፈቃደኛ ያልሆነ ሠራተኛ በአካል ቀርቦ እንዲያሳውቅ» ይላል። እስቲ አስቡት፤ ማን ነው በአካል ቀርቦ «አገሬን አልረዳም» የሚል? አንድም ሰው አልመጣም። እኔም አልሄድኩም። ኮለሟን ሞላኋት።

እኛ ጋ የሚያጸዱልን አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ ነው የምላቸው። ደመወዛቸው ከሁለት ሺህ ብር በታች ነበር። ሊፈርሙ መጡ። አይፈርሙም እንኳ፣ አሻራ ነው የሚያደርጉት። አውራ ጣታቸው በረኪና የበላው ነው፤ አሻራው ደህና አይወጣም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እናስረግጣለን። ያን ቀን ስፖንጁ ላይ ከመንከራቸው በፊት በሌላኛው እጃቸው ወረቀቱ ላይ አሳዩኝ። አያነቡም፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ።

«ልጄ፣ ይቺ መቶ ሃያ ምንድን ናት?»

«ለኮሮና የተዋጣ ነው እትዬ።»

«ማን ነው የሚቀበለው?»

«ኮሚቴ አለ።»

«የት ያለ ኮሚቴ?»

ዝም አልኩ። እውነት ለመናገር አላውቅም ነበር። ዝርዝሩን ሠርቼ፣ ድምሩን አመሳክሬ፣ ቼኩ በማን ስም እንደሚወጣ አልጠየቅኩም። እትዬ ዝምታዬን አዩና ሳቁ። «እኔ እኮ አልሰጥም አላልኩም» አሉኝ። «ሰፈር ደጄ ላይ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ከነሳሙናው አስቀምጫለሁ። አላፊ አግዳሚው ይታጠብበታል። ሳሙናውን ሦስቴ ሰርቀውኛል፤ ሦስቴም ገዝቻለሁ። የሚሄድበትን ልወቅ ነው ያልኩህ።» አሻራቸውን አደረጉና ጣታቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠርገው ወጡ።

ኮሚቴው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። የበላይ ኃላፊዎች ያውቃሉ ተባልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅኩ። «አንተ ምን አገባህ?» ተባልኩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አነበብኩ። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። «ያልፈለገ ይምጣ» ከእነዚህ ውስጥ የለም። ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። እንግሊዞቹ የጠየቁት 30 ከመቶ በእኛ አዋጅ ለጥቂት ያልፍ ነበር ማለት ነው፤ ኦዚል ከፈረመ።

አልፈረመም። ክረምት ላይ ለምን እንዳልፈረመ ራሱ ተናገረ። ሁላችንም መርዳት እንፈልግ ነበር፤ ግን ነገሩ በጥድፊያ ሆነ፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በቂ መልስ አላገኘንም የሚል ነው ነገሩ። ያንን ሳነብ ፒያሳ ቆሜ ነበር፤ ታክሲ እየጠበቅኩ። ስልኬን ይዤ የእትዬን አውራ ጣት ነው ያየሁት። የት ያለ ኮሚቴ?

ከዚያ በፊት ምን ሆነ መሰላችሁ። ሐምሌ 25 አርሰናል ቼልሲን አሸንፎ የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ በላ። አብደን ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 29፣ ክለቡ 55 ሠራተኞችን ሊቀንስ መሆኑን አስታወቀ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የተቀነሱት የሰው ሥራ እንዳይቋረጥ መስሏቸው አልነበረም? የክለቡ ባለቤት ስታን ክሮንኬ ቢሊየነር ናቸው። ግሩፓችን ውስጥ ያን ቀን ብዙ ሰው ዝም አለ። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ በክለቡ አረንጓዴ ዳይኖሰር ልብስ ውስጥ ሆኖ ለ27 ዓመት ሕፃናትን ሲያስቅ የኖረው ሰው ሥራ አቆመ የሚል ዜና መጣ። ደመወዙን እኔ ልክፈል ያለው ማን ነው? ስስታሙ።

ኦዚልን ጻድቅ እያደረግኩት አይደለም። ሰውዬው በገንዘቡ የፈለገውን ሲያደርግ ፎቶው አብሮት ይወጣል። በ13 ሚሊዮን ብር ሳምንታዊ ደመወዝ ላይ መቆጣት ደግሞ ኃጢአት አይመስለኝም። ሀብታም ተጫዋች በችግር ቀን መስጠት አለበት ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ አለበት። ያውም በደንብ። የዕድሜው አጭርነት፣ የጉልበቱ ስብራት ምናምን የሚባለው አያሳምነኝም፤ ሸማኔም ጉልበቱ ይሰበራል። እኔን የሚያበግነኝ «ይስጡ» የሚለው ቃል «ይቆረጥባቸው» በሚለው የሚተካበት ፍጥነት ነው። ሲቆረጥ ሰጪው የለም፣ ተቀባዩም የለም። አንድ ኮለም ብቻ አለች። ቆራጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራሱ ምንም አላወጣም።

ራሽፎርድን እዩት። የማንቼ ልጅ ነው፤ ቢሆንም። ዕድሜው 22 ነበር። ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ነው ያደገው። ሰኔ 8 ለብሪታንያ ፓርላማ አባላት ደብዳቤ ጻፈ፤ የእነዚያ ልጆች ምሳ በክረምቱ ዕረፍት እንዳይቋረጥ። በማግስቱ መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ። 1.3 ሚሊዮን ልጆችን የሚመለከት ጉዳይ ነው። ከደመወዙ ላይ ስንት ከመቶ እንደተቀነሰ ማን ትዝ ይለዋል? እሱ የሚያውቀውን ርሃብ ነው ይዞ የሄደው።

የእኛ አገር ተጫዋቾችን ጉዳይ ብዙ አላነሳም፤ እዚህ ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኛው ክለብ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚተዳደር ነው። ተጫዋች ደመወዝ ሳያገኝ ወራት ይቆጥራል። የሌለ ደመወዝ ላይ ምን ይቆረጣል?

እኛ ሰፈር እንደዚያ ያለ ልጅ ነበር። በአንድ ክለብ ይጫወታል፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሰው ደሴን ሲሞላት፣ ትምህርት ቤቶቹ በሙሉ መጠለያ ሆኑ። የደሴን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ዝናቡ ከታች ነው የሚመጣ የሚመስለው። ሰዎቹ የመጡት በቆላ ልብስ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች እንጀራውን ተከፋፍለው ይጋግሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብርድ ልብስ እንሰበስባለን። ያ ልጅ ቤት ስንደርስ እናቱ «ሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም፣ ከየት ያመጣል?» አሉን። እሱ ውስጥ ገብቶ የክለቡን ሻንጣ ይዞ ወጣ። የልምምድ ቱታ፣ ካልሲ፣ ሁለት ማሊያ። ሻንጣውንም ሰጠን። «ሻንጣውን ተወው» ብንለው «በምን ልትይዙት ነው?» አለን።

ከሁለት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ሰባ የሚሆናቸው ሽማግሌ በቱታው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከጋቢው ሥር 7 ቁጥር ማሊያ ለብሰው አየሁ። ካልሲውን እስከ ጉልበታቸው ስበውታል። ውሃ ለመቅዳት ተራ ይዘዋል። ልጆቹ «አባባ፣ አቀብሉን!» ይሏቸዋል። እሳቸው ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም መሰለኝ፤ ጀሪካናቸውን አቀበሏቸው።

በጥቅምት ጦርነቱ እኛም ጋ ደረሰ። እኛም በተራችን ተፈናቃይ ሆንን፤ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት አደርን፤ የማናውቀው ሰው ብርድ ልብስ ለበስን። ስለዚያ ሌላ ጊዜ።

ኅዳር አልቆ ስንመለስ ፋብሪካው ፋብሪካ አልነበረም። ማሽኑ፣ ሽቦው፣ የመስኮቱ መስታወት፣ የሂሳብ ክፍል ወንበሮች፣ ሁሉም ሄዷል። ወረቀት ግን ማንም አይፈልግም። የሃያ ዓመት ፔሮል ወለሉ ላይ ተበትኖ፣ ተረግጦ፣ ጥሎ የሄደው ዝናብ አርሶት ቆየን። ለሳምንት ያህል ሥራችን ወረቀት መልቀም ሆነ። እትዬም መጥተው ነበር። ደመወዝ ይከፈል አይከፈል የሚያውቅ አልነበረም፤ መጥረጊያቸውን ከቤታቸው ይዘው ነው የመጡት።

አንዱን ሉክ ሳነሳ የ2012ቱ ሆኖ አገኘሁት። የጫማ ምልክት አለበት። በእሳቸው መስመር ላይ መቶ ሃያ የሚለው ቁጥር ይነበባል፤ አጠገቡ ሦስት ጊዜ የተረገጠች፣ ደብዛዛ አሻራ አለች። ጠራኋቸውና አሳየኋቸው።

መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አዩት፤ አገላብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ደረሰኙ ይሄ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ» አልኳቸው።

መለሱልኝና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።